የእትዬ ሁሪያ ሰፊ መኝታ ቤት

እዚህ ገንዳ ውሃ ውስጥ አልጋ የሚለካው በጆንያ ነው። ደጋ ሳለሁ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። የቆላ ገበሬ ግን ለዘር ያስቀመጠውን ሰሊጥ ከዓይኑ ማራቅ አይወድም፤ ጆንያውን ከአልጋው ሥር አስገብቶ ከላዩ ላይ ይተኛበታል። ስለዚህ አናጢ ሆኜ በኖርኩባቸው አሥራ ስምንት ዓመታት አልጋ ሊያሠራ የመጣን ሰው የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ስንት ጆንያ ይገባበት?» ከዚያ በላይ የሚጠይቅ አናጢ ካለ ሥራ የፈታ ነው እል ነበር። ደግሞም አልጋ ከፍ ሲል ጊንጥ ቶሎ አይወጣበትም፣ ከሥሩም ነፋስ ያልፋል። ዋሴ አናጢው ሲባል ከዚህ እስከ መተማ ዮሐንስ የምታወቀው በረጃጅም አልጋዎቼ ነው። ይኼን የምናገረው ልኮራ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልኮራ ብዬ ነው። ኩራቴን ያስተነፈሱልኝ እትዬ ሁሪያ ናቸው፤ የማወራውም የእሳቸውን ነገር ነው።

እትዬ ሁሪያ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ዱካን አላቸው። ሱዳኖቹ ሱቅን ዱካን ይሉታል፤ እኛም ከእነሱ ለምደን ዱካን እንላለን። ሳሙና፣ ስኳር፣ ከርከዴ፣ የላስቲክ ጫማ፣ የፋኖስ ክር ሳይቀር ይሸጣሉ። ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ፣ ከተናገሩ ግን መልስ የማያስተርፉ ሴት ናቸው። ባላቸው ጋሽ ሷሊህ ደግሞ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ ቁመታቸው በር የሚሞላ፣ ሳቃቸው ከመንገድ ማዶ የሚሰማ።

እኔን ሰው ያደረጉኝ ሁለቱ ናቸው። ከጎጃም ለሰሊጥ አረም የመጣሁ ዓመት ወባ ጥሎኝ፣ አብረውኝ የመጡት ልጆች ወደ እርሻው ሲሄዱ እኔ እነ እትዬ ሁሪያ በረንዳ ላይ ቀረሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ራሴን ሳውቅ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ላይ፣ አጎበር ተዘርግቶልኝ ተኝቻለሁ። አሥር ቀን ሙሉ ሲያበሉኝ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ሲሰጡኝ፣ የተረፈ አልጋ ኖሯቸው መስሎኝ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ተነስቼ ወደ ውጭ ልወጣ ስል እትዬ ሁሪያና ጋሽ ሷሊህ ዱካኑ ውስጥ፣ በስኳር ጆንያዎች መሀል፣ ሰሌን ላይ ተኝተው አየኋቸው። ለካ የተኛሁት በእነሱው አልጋ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ አልጋ አልነበረም። ያን ቀን እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ጋሽ ሷሊህ ነቅተው፣ «ምን ሆነህ ነው? አመመህ እንዴ?» አሉኝ። አላመመኝም አልኳቸው። በእጄ ምን እንደማውቅ ጠየቁኝ፤ አባቴ አናጢ እንደነበረ ነገርኳቸው። በሳምንቱ ከጎንደር መጋዝና መላጊያ ይዘውልኝ መጡ። ከዚያ ወዲህ ያገባሁት፣ የወለድኩት፣ ቤት የሠራሁት በዚያ መጋዝ ነው።

ያቺ ጠባብ ክፍል ከዱካኑ ጀርባ ነበረች። አልጋዋ ከገባች በኋላ ሰው ቆሞ ልብሱን የሚለብስበት ቦታ አይተርፍም፤ አንዱ ሲለብስ አንዱ አልጋ ላይ መቀመጥ አለበት። መግቢያዋ ላይ ደግሞ ሁለት ደረጃ አለ። እትዬ ሁሪያ አርባ ዓመት የኖሩት እዚያ ነው። ልጃቸው ረፊቃ እዚያ ተወልዳለች፤ እንደኔ ያለው በሽተኛ ሁሉ እዚያ ተኝቶ ድኗል። ሰፊ ቤት አማረኝ ሲሉ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ጋሽ ሷሊህ ሰሊጥ ሲያስጭኑ ውለው ማታ ወደ ቤት እንደገቡ ወደቁ። ግራ ጎናቸውን ያዛቸው። ጎንደር ወስደናቸው ሦስት ሳምንት ተኙ። እግዜር ይመስገን፣ ነፍሳቸው ተረፈች፤ ንግግራቸውም ተመለሰ። ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው ግን እንደ ድሮው አልሆኑም። ምርኩዝ በቀኛቸው ይዘው፣ እትዬ ሁሪያ በግራ ደግፈዋቸው፣ ጥቂት እርምጃ ይሄዳሉ። ከተቀመጡበት መነሳት ግን በሰው ሆነ።

ይኼ ለሌላ ሰው ያን ያህል ላይከብድ ይችላል። ለጋሽ ሷሊህ ግን ከበደ፤ ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ሰፈሩን የሚቀሰቅሱ እሳቸው ነበሩ። መንገዳቸው ላይ የየሰዉን በር በከዘራቸው ኳ እያደረጉ ያልፋሉ፤ እኔን ክርስቲያኑን እንኳ አይምሩኝም ነበር። «አንተ ባትሰግድም መጋዝህ ይነሳ» ይሉኛል። አሁን ለሱብሂ እትዬ ሁሪያ ቀድመው ይነሳሉ፤ ወገባቸውን ይዘው ያስነሷቸዋል፤ ደረጃውን ያወርዷቸዋል፤ ለውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያው፣ ውሃ ያፈሱላቸዋል፤ መልሰው ያስገቧቸዋል። አንድ ቀን እንኳ ሲያማርሩ ሰው አልሰማቸውም።

እንዲህ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ሁሪያ ወደ ሥራ ቦታዬ መጡ። ጣውላ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል» ብለው ጀመሩ። «ሷሊህ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ውሃ አይጠጣም። አልጠማኝም ይላል። በዚህ ሙቀት ያልጠማው ሰው ማን ነው? ለካ እኔን ላለመቀስቀስ ነው። ሌሊት ለሽንት እንዳልነሳ፣ እሷም እንዳትነሳ ብሎ ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።» ድምፃቸው ተሰበረ፤ እኔም መላጊያውን አስቀመጥኩ። «ሰው እንዲሸከምልኝ አልፈልግም፤ ለእሱ እኔ አላንስም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ራሱ ተነስቶ፣ በራሱ እግር ሄዶ፣ ውዱኡን አድርጎ ይመለስ። እሱን ካየሁ ሌላ ዱንያ አልፈልግም።»

ያሰቡትንም ነገሩኝ። ግቢው ውስጥ የሰሊጥ መጋዘናቸው ባዶውን ቆሟል፤ ጋሽ ሷሊህ ከታመሙ ወዲህ ሰሊጥ አልገባበትም። ሰባት ሜትር በአምስት ነው። ደረጃ የለውም፤ ወለሉ ከበረንዳው ጋር እኩል ነው፤ በረንዳው ላይ ቧንቧ አለ። እሱን መኝታ ቤት ሊያደርጉት ነው። «ዕቃውን ረፊቃ ከጎንደር ትልካለች» አሉኝ። «አልጋውን ግን ካንተ እጅ ነው የምፈልገው።»

ደስታዬን ምን ልበላችሁ! አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይኼን ቀን ስጠብቅ የኖርኩ መሰለኝ። አልጋቸውን ለቀው መሬት ለተኙልኝ ሰዎች አልጋ ልሠራ ነው! ደህና የደረቀ የዋንዛ ጣውላ ነበረኝ፤ ለልጄ ሠርግ ያልኩትን አወጣሁት። ሦስት ሳምንት ሌላ ሥራ አልነካሁም። ራስጌውን በእጄ ፈለፈልኩት፤ እግሮቹን ቀረጽኳቸው፤ ቫርኒሹን አራት ጊዜ ቀባሁት። ቁመቱን ደግሞ ከሠራኋቸው አልጋዎች ሁሉ አስበለጥኩት። ሁለት ጆንያ ተደራርቦ ቢገባበት አይነካውም። ለማን እንደምሠራ አውቅ ነበርና ክብራቸው ከፍ እንዲል ፈለግሁ። እትዬ ሁሪያ ቁጭ ብለው የነገሩኝን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ዕንባቸውንም አይቻለሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ ግን የገባው አልጋው ብቻ ነው።

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ዝናቡ ጀምሮ ሰው የውጭ መኝታውን ትቶ ወደ ቤት ሲገባ፣ የረፊቃ ዕቃ በአይሱዙ መጣ። ልጅቷ ባሏ ነጋዴ ነው፣ እሷም እጇ አይሰስትም። ባለ አራት በር ቁም ሳጥን ከነመስታወቱ፣ ሁለት ኮመዲኖ፣ ባለ መሳቢያ ረጅም ሳጥን፣ መኳኳያ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ፣ ሁለት ባለ መደገፊያ ወንበር፣ ወፍራም ምንጣፍ። አብዛኛው ቺፑድ ነው። ስለ ቺፑድ ያለኝን አስተያየት ብነግራችሁ ቀኑ አይበቃንም፤ ውሃ ከነካው እንደ ዳቦ ያብጣል ብዬ ልለፈው።

ድርደራው ግማሽ ቀን ፈጀ። እኔ፣ ሹፌሩና ረዳቱ እንሸከማለን፤ ረፊቃ በስልክ፣ ፊቷ እየታየ፣ ከጎንደር ታዛለች፤ እትዬ ሁሪያ መሀል ቆመው ስልኩን ያዞሩላታል።

«ቁም ሳጥኑን ወደ ግድግዳው! ሶፋውን መስኮቱ ሥር! መሀሉን ክፍት አድርጉት፤ የቤት ውበቱ መሀሉ ሲሰፋ ነው» ትላለች ረፊቃ።

አልጋዬን ከሩቅ ግድግዳ ጋር አስጠጋሁት። እትዬ ሁሪያ አዩትና፣ «እንዲህ ከሆነ እግራችን ወደ ቂብላ፣ ወደምንሰግድበት አቅጣጫ፣ ሊሆን ነው፤ አዙረው» አሉኝ። አዞርኩት።  ሁሉ ነገር ግድግዳውን ተጠግቶ፣ ምንጣፉ መሀል ተዘርግቶ፣ አልጋዬ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ ሲታይ፣ እውነት እላችኋለሁ፣ አንዲት የጎረቤት ሴት በር ላይ ቆማ እልል አለች።

ጋሽ ሷሊህን አመጣናቸው። እትዬ ሁሪያና እኔ በግራና በቀኝ ይዘን ከፍ አድርገን አልጋው ላይ አስቀመጥናቸው። ዙሪያውን አዩ፤ ራስጌውን በደህናው እጃቸው ዳበሱት። ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ዋሴ፣ የሠራኸው የንጉሥ አልጋ ነው። እጅህ ይባረክ።» እኔም ልቤ ሞልቶ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለሚስቴ ለየትናየት ሁለት ጊዜ አወራኋት፤ ሦስተኛ ልጀምር ስል እራቷን አቀረበች።

በአራተኛው ቀን እትዬ ሁሪያ መጡ። አልተቀመጡም።

«አልጋህ ባሌን ሰቅሎታል» አሉኝ።

«ምን አሉ?»

«ሰቅሎታል! እግሩ መሬት አይነካም። እንደ ሕፃን ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። በፊት በጠባቧ ክፍል ወገቡን ይዤ አስነሳው ነበር፤ አሁን እኔም አልደርስበትም። ሦስት ቀን የጎረቤት ወንድ እየጠራሁ ነው የማስወርደው። ሱብሂን አልጋው ላይ ሆኖ በተየሙም፣ በአፈር ታብሶ፣ ሰገደ፤ ውሃ አጠገቡ እያለ፣ ሷሊህ!»

 ኩራቴ ቀደመኝ። «እትዬ ሁሪያ፣ አልጋ በቆላ ዝቅ ተደርጎ አይሠራም እኮ። ጊንጡስ? ደግሞ ጆንያ...»

«ጆንያ!» አሉ። «ዋሴ፣ እኔ ከአልጋዬ ሥር የማስገባው ጆንያ የለኝም። ከአልጋዬ ላይ የማስነሳው ባል ነው ያለኝ።»

 መጋዜን ይዤ ተከተልኳቸው። መንገዱን ሙሉ ራሴን ስረግም ነበር። ሰውየው አልጋው ላይ ተቀምጠው «እጅህ ይባረክ» ሲሉኝ እግራቸው አየር ላይ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ አይቼዋለሁ፣ ግን ዓይኔ ራስጌው ላይ ነበር። ጋሽ ሷሊህም የደከምኩበትን ላለማጣጣል ብለው ዝም አሉኝ። ሦስት ቀን ሙሉ! ውለታ ልመልስ ብዬ በእነሱ ላይ ሌላ ሸክም ጫንኩ።

ስንገባ ጋሽ ሷሊህ መጋዙን አዩና፣ «ሁሪያ፣ ነገርሽው?» አሉ።

«ነገርኩት።»

«ደክሞበት ሠርቶ...»

«ዝም በል» አሉ እትዬ ሁሪያ። «እሱ ልጃችን ነው። ልጅ ሲሳሳት ይነገረዋል።»

ይኼን ቃል ስሰማ ፊቴን ወደ ቁም ሳጥኑ አዞርኩ፤ እዚያ ደግሞ መስታወት ኖሮ ሁሉም ዕንባዬን አዩት።

ወንበር ላይ አስቀመጥናቸውና እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። ከጉልበታቸው እስከ ተረከዛቸው በሜትር ለካሁ። ጋሽ ሷሊህ ከላይ ሆነው፣ «ለከፈን ነው የምትለካኝ? ያ ከሆነ ሁሉንም ለካው፣ እንዳያጥርብኝ» ብለው ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ያን የድሮ ሳቃቸውን የሰማሁት ያን ቀን ነው። አርባ ስምንት ሳንቲም ነበር። አልጋዬ ከነፍራሹ ሰባ ሦስት ነው። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ሰው ለክቼ አልጋ ስሠራ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

አልጋውን ገልብጬ ከእያንዳንዱ እግር ሃያ አምስት ሳንቲም ቆረጥኩ። በጣም የደከምኩበት ቅርጽ እዚያው ቁራጭ ላይ ነበር። እትዬ ሁሪያ የመጀመሪያው ቁራጭ ሲወድቅ፣ «አሳዘነህ?» አሉኝ። አላሳዘነኝም አልኳቸው፤ ዋሸሁ፣ ትንሽ አሳዝኖኛል። ለጊንጡ ከዱካናቸው አራት ባዶ የወተት ጣሳ አመጡ፤ እግሮቹን በጣሳዎቹ ውስጥ አቆምናቸው። ጊንጥ የሚያሟልጭ ቆርቆሮ ላይ አይወጣም።

ጋሽ ሷሊህ ተቀመጡበት። ሁለት እግራቸው ወለሉ ላይ አረፈ። ቀኝ እጃቸውን ፍራሹ ላይ ተክለው ገፉና ተነሱ። ራሳቸው! እትዬ ሁሪያ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ጋሽ ሷሊህ ግን ቆመው አንድ እርምጃ እንደሄዱ ዙሪያቸውን አዩና ቀሩ። የሚይዙት ነገር የለም። የረፊቃ ሰፊ መሀል ፊታቸው ተዘርግቷል፤ በሩ አምስት ሜትር ይርቃል። ምርኩዙ ምንጣፉ ላይ ተንሸራተተ፤ ዘልዬ ባልይዛቸው ወድቀው ነበር።

«ግድግዳው ላይ የብረት መያዣ ልምታ» አልኩ።

«አይሆንም» አሉ እትዬ ሁሪያ ጠዋሊ፣ ማለቴ ወዲያውኑ። «የሆስፒታል ክፍል አልፈልግም። ሰው ሊጠይቀው ሲገባ ሕመሙን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዲያይበት አልፈልግም። ዕቃ አለ አይደል? ዕቃውን እየያዘ ይሂድ።»

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አርባ ዓመት ዱካን የሠራ ሰው፣ ሰው ከበር እስከ መደርደሪያ እንዴት እንደሚሄድ፣ እጁ የት ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል። ምንጣፉን አስጠቀለሉት። መሀል ቆመው እንደ ጋሽ ሷሊህ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ከአልጋው ወደ በሩ ሄዱ። አንድ እርምጃ፣ «እዚህ ኮመዲኖ።» ሁለት እርምጃ፣ «እዚህ ባለ መሳቢያው ሳጥን፤ ቁመቱ ለእጁ ልክ ነው።» ከዚያ ወንበር፣ ለማረፊያ። ከዚያ የበሩ መቃን። ሁሉንም በቀኝ በኩል ደረደርናቸው፤ ደህናው እጅ ቀኙ ነውና። እኔ አለቀ ብዬ ሜትሬን ሳጥፍ፣ እትዬ ሁሪያ በሩ ጋ ደርሰው ዞረው ቆሙ።

«ሲመለስስ?» አሉ።

«ሲመለሱ ምን?»

«ሲመለስ ዕቃው በግራው ሆነ እኮ። በግራው መያዝ አይችልም።»

እውነት ነው! ያን ሁሉ ዓመት ስሠራ ኖሬ ይኼ አልታየኝም። ስለዚህ ከትይዩው ሌላ መደዳ ሠራን፤ ሁለተኛው ኮመዲኖ፣ መኳኳያው ጠረጴዛ፣ ሁለተኛው ወንበር። ሲሄዱ አንዱ መደዳ በቀኛቸው፣ ሲመለሱ ሌላው በቀኛቸው ይሆናል። በመሀሉ አንድ ሰው ከነምርኩዙ የሚያልፍበት መንገድ ተረፈ። ሁሉንም ከወለሉ ጋር በብሎን አሰርኩ። ባለ አራት በሩን ቁም ሳጥን ጥግ አስያዝነው፤ ሶፋው ወደ በረንዳ ወጣ።

ማታ ረፊቃ በስልክ ስታይ ጮኸች። «እማ! ምን አደረጋችሁት? መኝታ ቤት መሀል ላይ ሳጥን ይደረደራል? ሱቅ አስመሰላችሁት እኮ!» እትዬ ሁሪያ ስልኩን ወደ አልጋው አዞሩት። ጋሽ ሷሊህ ተነሱ። ኮመዲኖውን ያዙ፤ ሳጥኑን ያዙ፤ ወንበሩ ላይ ትንሽ አረፉ፤ መቃኑን ያዙ። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። እትዬ ሁሪያ በአንድ እጃቸው ስልኩን ይዘው፣ ሌላውን እጃቸውን ከጋሽ ሷሊህ ጀርባ ዘርግተው፣ ሳይነኳቸው ተከተሏቸው። ከስልኩ ውስጥ የረፊቃ ልቅሶ ተሰማ። «አባ፣ እንደፈለጋችሁ አድርጉት» አለች። «የላክሁት ለዚህ ከሆነ ተመስገን፣ ለዚህ ይሁን።»

ለሳምንት ያህል ልምምዱ ቀጠለ። ሁልጊዜ ግን እትዬ ሁሪያ ከኋላ ናቸው። ለሱብሂም ብቻቸውን አልተዋቸውም፤ እንዳይወድቁ ይፈሩ ነበር። «አንድ ጊዜ ከወደቀ ልቡ ይሰበራል፤ ዳግም አይሞክርም» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ያው ቀድመው ይነሳሉ፣ ቀድመው ይቆማሉ። ጋሽ ሷሊህም ከመግሪብ በኋላ ውሃ አይጠጡም። እኔ በልቤ፣ ይኼ ሁሉ ተቆርጦ፣ ተገፍቶ፣ ታስሮ ነገሩ ከንቱ ሊቀር ነው እያልኩ ሰጋሁ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሥራዬ ስሄድ የእትዬ ሁሪያ ዱካን ተዘግቷል። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ረፊቃን በወለዱ በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ያንን በር የከፈቱ ሴት ናቸው። ሰዓቱ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሆኗል። በሩ ላይ ሁለት ሴቶች ዘምቢል ይዘው ቆመዋል። «ምን ሆነው ነው?» አለችኝ አንዷ።  ጋሽ ሷሊህ ወድቀዋል አልኩ በልቤ፤ ያሰርኩት ብሎን ለቋል፣ በእኔ ዕቃ ላይ ወድቀው ሞተዋል አልኩ። በጓሮ በኩል ወደ ግቢው ሮጥኩ፤ አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ።

ጋሽ ሷሊህ በረንዳው ላይ፣ የረፊቃ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ብቻቸውን ናቸው። አጠገባቸው አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ አለ፤ ግማሹ ተጠጥቷል።

«ጋሽ ሷሊህ! እትዬ ሁሪያስ?»

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «ቀስ በል፤ ትሰማሃለች።»

አጠገባቸው ተጎንብሼ ቆምኩ። በሹክሹክታ ነገሩኝ። «ለሱብሂ ነቃሁ። እሷ ከኔ ቀድማ አልነቃችም፤ ደክሟታል መሰለኝ። ልጠራት አልኩና ተውኩት። እግሬን አወረድኩ፣ መሬት ነካ። ተነሳሁ፤ ያዝኩ፣ ሄድኩ። በሩን ከፈትኩ። ውዱኤን አደረግሁ። በሌላው መደዳ ተመለስኩ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ትከሻዋን ነካሁ። ‹ሁሪያ፣ ተነሺ፣ ሶላት ደረሰ› አልኳት።»

«ምን አሉ?»

«ፊቴን አየችው፤ ጺሜ ውሃ ያንጠባጥባል። ነካችው። ማን ያዘህ አለችኝ። ማንም አልኳት። ሰገድን። ከሶላቱ በኋላ ‹ትንሽ ጋደም ልበል› አለች፤ ይኸው እስከ አሁን ተኝታለች።» ብርጭቆውን በደህናው እጃቸው አንስተው ተጎነጩ። «አሥራ አራት ወር ሙሉ እኔን ስታዳምጥ በአንድ ዓይኗ ነው የተኛችው፣ ዋሴ። ዛሬ በሁለቱም ተኛች።»

 ወለሉ ላይ፣ እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ።

ከሴቶቹ አንዷ የግቢውን በር ገፋ አድርጋ ገባች። «ጋሽ ሷሊህ፣ ስኳር ፈልጌ ነበር፤ እትዬ ሁሪያ የሉም?»

ጋሽ ሷሊህ ወገባቸውን አቀኑ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉት፣ ኩራታቸውን ግን ዝቅ ማድረግ አልቻሉም።

«ሁሪያ ተኝታለች» አሏት። «በኋላ ነይ።»

እኔም ሄጄ ዱካኑ በር ላይ ተቀመጥኩ፤ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ደንበኛ ስመልስ አረፈድኩ።